ዐሥራ ሁለት ሚሊሜትር

በቺሎዌ ደሴት ዝናብ ወሬ አይደለም፤
ቢዘንብም ባይዘንብም የሚገረም የለም።
ጣሪያው ያማዋል፣ ጀልባው ይጠጣዋል፣
በድንቹ ማሳ ላይ ሌሊቱን ያነጋዋል።

አክስቴ ኤርሜሊንዳ ግን ዝናብ ትለካለች።
ጧት፣ ልክ ሁለት ሰዓት፣ በሩን ትከፍታለች፣
የሟች ባሏን ቦቲ አጥልቃ ትወጣለች።
ከአጥሩ ጥግ ቆሟል የመዳብ መለኪያ፣
መንግሥት ያቆመው ነው፣ አለው የቁልፍ መዝጊያ።
ውሃውን በቀጭን ብርጭቆ ቀድታ፣
ጭቃ ሳትጸየፍ በጉልበት ተደፍታ፣
ዓይኗን ከመስመሩ እኩል አስጠግታ፣
ትጽፈዋለች።
ዘጠኝ ነጥብ ሁለት። ሠላሳ አንድ። ዜሮ።
«ዜሮም ይጻፋል» ትላለች፣
«ያልዘነበ ቀንም ተለክቶ ነው ያልዘነበ።»

ጎረቤቷ ክሎቲልዴ ከአጥሩ ማዶ ትስቃለች፦
«መዝነቡን እኔስ ልብሴ ይነግረኛል» ትላለች።

«ለማን ነው?» አልኳት አንድ ቀን።
«ሳንቲያጎ ላለ ሰው።»
«ታውቂዋለሽ?»
«የት አውቄው።»
«ብትሳሳቺስ ማን ያያል?»
መልስ አልሰጠችኝም፤ እርሳሷን መቅረጽ ያዘች፣
ጫፉን በምላሷ ነካ አድርጋ አየች።

ዐሥር ዓመት ሲሞላኝ የሐሞት ጠጠር አስቸገራት፣
ፖርቶ ሞንት ያለው ሐኪም አልጋ ይዞ ጠራት።
ቁልፉን አንገቴ ላይ በክር አሰረችው፣
«ያየኸውን ጻፍ» ብቻ ነው የተናገረችው።

የመጀመሪያው ቀን ዐሥራ ሰባት ነበር።
ሁለተኛው አራት።
በሦስተኛው ጧት፣ ነፋሱ ከባሕር ሲመጣ እየገፋ፣
እግሬ ሸተት ሲል ብርጭቆው ተደፋ።
አልተሰበረም፤ ጠርዙ ግን ተሸረፈ፤
ውሃው ከጭቃው ውሃ ተቀላቅሎ አለፈ።
ቆሜ አየሁት። የቱ ሊለካ የነበረው፣ የቱ ያልነበረው፣
ከመሬት ከደረሰ ወዲያ ማን ሊለየው?
ገባሁና ዐሥራ ሁለት ብዬ ጻፍኩ።
ለምን ዐሥራ ሁለት? እንጃ። ያማረ ቁጥር ነው፤
ዝናብ ዝናብ የሚል፣ ሰው ሁሉ የሚያምነው።

ስትመለስ መዝገቡን አገላበጠች፣
ብርጭቆውን አጥባ ከቦታው መለሰች፣
ሾርባው ጨው አንሶታል ብላ ተነጫነጨች።
ሌላ የለም።
ከዚያ ወዲያ ሬድዮ የዓመቱን ዝናብ በዘገበ ቁጥር፣
ከድምሩ መሀል የእኔን እሰማ ነበር።

አሁን ካስትሮ ወደብ ዓሣ እመዝናለሁ።
ዶን ኤቫሪስቶ፣ አሠሪዬ፣ ከኋላዬ መጥቶ፣
«ግማሽ ኪሎ እኮ ጀልባ አያሰጥምም» ይለኛል፣ ድምፁን አጥፍቶ።
አጥማጆቹ በስብሰዋል፣ ቸኩለዋል፤ ሚዛኑን አያዩም፤
እኔን ነው የሚያዩት።
ያን ጊዜ የገዛ አውራ ጣቴ ክብደት ይታወቀኛል።
ሁልጊዜ አሸንፌያለሁ አልልም።
አንድ ቀን፣ የቤት ኪራይ አንቆኝ፣ ጣቴ ከሚዛኑ ሥር ገብታ ቆየች፤
የሽማግሌው ባውቲስታ ግማሽ ኪሎ
እስከ ዛሬ ትከሻዬ ላይ አለች፣
አልቀለለችም።

አክስቴ ባረፈች በሳምንቱ ሣጥኗን ከፈትኩ።
ሠላሳ አንድ መዝገብ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ።
ያን ሰኔ ፈልጌ አገኘሁት።
የእኔ ዐሥራ ሁለት በአንዲት ቀጭን መስመር ተሰርዟል፤
አልተፋቀም፣ ይነበባል።
ከጎኑ፦ «አልተለካም»። ከሥሩ ፊርማዋ።
በምን አወቀች? በተሸረፈው ጠርዝ? በዓይኔ?
ሳንቲያጎ ያለው ሰው ለካ ባዶ ቀን ነው የደረሰው፤
ተናዶም ይሆናል፣ ሠንጠረዡን ስላበላሸው።
እኔ ያን ሁሉ ዓመት የሌለ ቁጥር ተሸክሜ!

ገጹን ገለጥኩት።
በሐምሌ ሐኪሙ እንደገና ጠርቷት ነበር።
ቁልፉን ያሰረችው እዚያው አንገት ላይ ነው።
ሰባት ቀን ሙሉ የእኔ ጽሕፈት፣ የተንጋደደ፣ የልጅ፤
አንዱም አልተሰረዘም።
አራት። ዜሮ። ሃያ ሁለት ነጥብ አምስት።