የውሃ ተራ

አባቴ እንየው፣ ከኪልቲ ወንዝ ማዶ፣
የውሃ አባት ነበር፤ ቦይ ከፋይ፣ ማልዶ።
«ለሽቴ ጧቱን ስጡ፣ መበለት ናት፣ አትንገላታ፤
ለዋሴ ከቀትር፣ ለላቀው ከማታ።»
ወረቀት አያውቅም። የሠላሳ ማሳ
ተራ በራሱ ውስጥ፣ አንድም ቀን ሳይረሳ።

በሠላሳ ዓመቱ ራስ ምታት ጀመረው።
መጀመሪያ ብርሃን፣ ጥርሱ እንደ ማጭድ የሾለው፣
ከዓይኑ ዳር ተነሥቶ ያየውን ሲያጭደው፤
ኋላም ያ ፍልጠት፣ ጨለማ ቤት የሚያስተኛው።
«ምች ነው» አልን፤ ዳማከሴ ጨምቀን አጠጣን።
ላብ አጥምቆት ተነሣ። እኛም ረሳን።

በአርባ ስድስቱ፣ በየካቲት ስብሰባ፣
«ለዋ...» ብሎ ቀረ፤ አፉ ተጣሞ፣ ዓይኑ እንባ።
ሰው ሳቀ፦ «አያ እንየው፣ በጧት አረቄ ቤት!»
እኔም ሳቅሁ። እግዜር ይይልኝ፣ ያችን ሰዓት።

ከዚያ ስትሮክ፣ ከዓመት በኋላ ሌላ፤
ያ ዘላይ እግር መሬት ለመሬት ተንፏቀቀ፤
ያለ ምክንያት ሳቀ፣ ያለ ምክንያት ሲያነባ ዋለ፤
እናቴን በእህቱ ስም ጠራት፤
የውሃ ተራ ሲጠይቁት ግን ግድግዳ አይቶ ዝም አለ።

ባሕር ዳር ወሰድነው።
ሐኪሟ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥታ፣
«ግፊት የለው፣ ስኳር የለው፣ ሲጋራ አያውቅ» አለች፣ ለራሷ፣ ቀስ ብላ፤
ነጩን በጣቷ ከበበች፣ ውርጭ የመታው ማሳ የሚመስለውን።
«ትልልቁ ሥር ደህና ነው። የታመመው ቅጥንጥኑ ነው፤
ግድግዳው ወፍሮ ደም አያሳልፍም። ልክ ደለል እንደሞላው ቦይ።»
ደለል ስትል እናቴ ቀና አለች።

«አባታቸው እንዴት ሞቱ?» «ሽባ ሆነው፣ ሳይሸመግሉ።»
«እኅታቸውስ?» «ከጸበል ጸበል ተንከራትታ፣ ለክፏታል እያሉ።»
«በአገሩ ስንት ሰው አለ፣ እንዲህ ያለው?»
«አልተቆጠረም። ያልመረመርነውን በምን እንቁጠረው?
ስንቱ ምች ተብሎ፣ ስንቱ እርግማን ተብሎ ተቀበረ፣ ማን አወቀው?»
«መድኃኒቱስ?»
ፊልሙን ወደ ፖስታው መለሰች።
«ለያንዳንዱ ልጅ ግማሽ በግማሽ ነው» አለች።

አምስት ነን። ከመራዊ እስከ ዳንግላ፣ በአውቶቡሱ መስኮት ሥር፣
ጣቶቼን አጠፍኩ፦ ሰው፣ አንበሳ፣ ሰው፣ አንበሳ...
አምስተኛው ጣቴ ላይ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ታናሼ ይርሳው ለጥር ሠርግ ድንኳን ተከራይቷል።
እኔ ባለፈው ዓርብ፣ ሽንኩርት ስኮተኩት፣
ያንን ማጭድ አየሁት፣ ከዓይኔ ዳር፣ ጥርሱ እየበራ።
ለማንም አልተናገርኩም።

ትናንት ማታ አካፋ ይዤ ወጣሁ፤
ደለሉን ዝቄ ዝቄ፣ ውሃው ሲመጣ በጓሮ፣
አባቴ ደጃፍ ተቀምጦ ሰማው መሰለኝ በጆሮ።
«የማን ተራ ነው?» አለ፣ ጥርት አድርጎ፣ እንደ ድሮ።
«የእኛ ነው፣ አባ።»
«ታዲያ አትተኚበት።»