እሳት ያልላሰ

ዶሮ ማነቂያ ፈርሶ፣ የጭቃ ግድግዳው ሲናድ፣
ሰው ዕቃውን ጫነ፤ አቧራው ቀረ ከመንገድ።
ስልሳ ክረምት ሙሉ ከአቡጀዲው በላይ
የተኛ ሻጋታ ወጣ ወደ ሰማይ።
ሁላችን ሳብነው፤ አስነጠስን፣ አለፈ።
ኢዮስያስ ግን ሳለ። ሳለ። አላረፈ።

ስድስት ዓመቱ ነው፤ በነገር የሾለ፣
«እሳት የላሰ ልጅ!» ያላለው ማን አለ?

ከጥቁር አንበሳ መስኮት ቸርችል ቁልቁል ይፈሳል።
ሐኪሟ ወረቀት ገልብጣ ክብ ሣለች፦
«ይሄ ነጭ የደም ሴል። ዘበኛ ነው» አለች።
«ፈንገሱን አሳዶ ይደርስበታል፣ ይውጠዋል፤
ሆዱ ውስጥ ግን እሳት ጭሮ መግደል ይሳነዋል።
የክብሪቱ ራስ እርጥብ ነው። ሲፈጠር ጀምሮ።»
በእስክሪብቶዋ አየሩን ጫረች፣ አንዴ፣ ሁለቴ፤
ምንም።

የዋጠው ይኖራል፤ የዋጠ ይሞታል።
ሌላ ዘበኛ ይመጣል። እሱም ይውጣል።
በራጅ ፊልሙ ያየሁት ያ ነጭ ጉብታ
የዘበኞች መቃብር ነው፤ መሐሉ ላይ ጌታ
ሆኖ የተቀመጠ ሻጋታ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ስንባል ነው ያደግነው።
የኔ ልጅ የታመመው ባለመቃጠሉ ነው፤
ይሄን ለማን ይነግሩታል?

የኔንም ደም ወሰዱ።
ሲስተር ይመኙሻል ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦
«ማሽኑ ላይ ግማሹ ሴልሽ ይበራል፤ ግማሹ ጨለማ።»
ግማሹ በርቶ እኔን አኖረኝ።
ጨለማውን ለሱ ሰጠሁት።
ወንድሜ ልሳነወርቅ ትዝ አለኝ፣ በሰባት ዓመቱ
«ሳምባ ነው» ተብሎ የተቀበረው። እናቴ እስክትሞት
ብርድ ያስመታሁት እኔ ነኝ ትል ነበር፣
አንድ ቀን ሹራብ ስለረሳች።

ኢትራኮናዞል። ስሙን እንደ ዳዊት በቃሌ ይዤ
ከጊዮርጊስ እስከ ተክለሃይማኖት ፋርማሲ አሰስኩ፤
አንዱ ጋ ሰባት ፍሬ፣
አንዱ ጋ «ትናንት አለቀ»፣
አንዱ ጋ ዋጋውን ሰምቼ
«እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ። እሱም አላመነኝ።

ማታ ሰንጋ ተራ፣ እህቴ ኮንዶሚኒየም፣ መብራት ጠፋ።
ክብሪት አነሳሁ። አንዱ ተሰበረ፣ አንዱ ጭስ ብቻ ተፋ።
ልጄ በጭምብሉ ሥር ሳቀ፦ «እማ፣ አምጪው፤ አንቺ አትችይም።»

ሙሉ ፓኮውን ሰጠሁት። ሌላ የምሰጠው የለኝም።
በጨለማው ውስጥ እንጨቱን ሲመርጥ ሰማሁ፤
አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል።
ከዚያ
ጫረ።