ኖራ

ቻርልስተን ከተማ፣ ከወደቡ ጀርባ፣
ምንጣፉ ድንጋይ ነው፣ መኪና የማይገባ።
ቤቶቹ በጎን ነው የሚያዩት እንግዳ፣
በራቸው በር አይደል፤ ሲከፍቱት በረንዳ።
ግድግዳው ላይ አዝራር፣ ክብ ጥቁር ብረት፣
ምድር የራደች ለት የተሰፋበት።

በየበሩ ነሐስ የተወለወለ፣
የሩዝ ነጋዴ ስም፣ «እዚህ ቤት ኖረ» እያለ።
ለቀለም ስብሰባ አለ፤ ለመዝጊያ ድምፅ ይሰጣል፣
አንድ ሚስማር ለመንቀል ሦስት ወር ይፈጃል።
አሮጊቷ ሚስ ኮርዴሊያ በሯን ሮዝ ብትቀባ፣
ደብዳቤ ደረሳት፦ «ሮዝ ከየት መጣና ታሪክ ውስጥ ገባ?»

ኖራ ነው የማቦካው ለኦዜል ማኒጎ፣
በሰባ ዓመቱ መሰላል ላይ፣ ወገቡን ሸብ አርጎ።
«ሲሚንቶ እንዳታስጠጋ!» ይለኛል በቁጣ፣
«ግትር ነው፤ ጡብ ያፈነዳል እርጥበት ሲመጣ።
ኖራ ግን ገር ናት፣ ቀድማ ነው የምትሰበር፣
እሷ ደቃ፣ ደቃ፣ ጡቡን ልታኖር።»
ከኦይስተር ዛጎል፣ በእሳት የነጣች፣
ውሃ ሲያቀምሷት ፈልታ የተቆጣች፣
ጥፍሬ ሥር ገብታ ማታም አልወጣች።

ሐሙስ፣ ከጓሮው ግንብ የሞተ ኖራ ስፍቅ፣
ጣቴ ጡብ ላይ አረፈ፣ ከሦስት ጉድጓድ፣ ጥልቅ።
ልሞክር አልኩ፤ አልገባም። የልጅ ነው፤ የደቂቅ።

ኦዜል ወረደና ትንሿን ጣቱን ሰደደ፣
እስከ ጥፍሩ ደረሰ፤ ከዚያ አልወረደ።
«እርጥቡን ጡብ ለፀሐይ ያዞሩት ልጆች ናቸው፣
ከናታቸው ጋር የተሸጡ፣ ወይ ካለናታቸው።»
«ለኮሚቴው ልንገር?» ስለው «ንገር» አለኝ፤ «ምን ቸገረህ፣
ምን ዓይነት ቀይ ነው ብለው ነው የሚጠይቁህ።»

ሴት ትሁን ወንድ አናውቅም፤ ስም የለም፣ ቁጥር የለም፣
ዙሪያውን ሞላን እንጂ ጉድጓዱን አልደፈንም።

ከፊት በር አስጎብኚው ነሐሱን ያነባል፣
ድምፁ በበረንዳው አልፎ ጓሮ ይገባል፦
«እዚህ ቤት ኖረ...»
እኔም ወደ ጡቡ ዞር ብዬ፣ በገዛ ቋንቋዬ፣
ዝግ አድርጌ፣
«እዚህም ኖራ» አልኩ።

«ምን ጎደለ?» አለኝ ኦዜል፣ መሰላሉን እያዞረ፤
ባልዲውን አሳየሁት። ታች፣ ጭላጭ ብቻ ነበረ።