አቀንጭራ

ቀኝ በሬዬን ሸጥኩት ጎብየ ገበያ፤
ዙበይዳ ልትማር ሄደች ሐረማያ።
«ምን ልታጠና ነው?» ሲሉኝ፣ «ግብርና»፤
ሳቁ። «እሱስ ከቤትህ መች ጠፋህና!
ሐኪም ትሁን እንጂ፣ ለጭቃው እኛ አለን።»
እኔም አልዋሽ፣ ሌሊት አሰብኩት በሬዬን።
አራት ዓመት አረስኩ መቀናጆ ገብቼ፣
ለይማም በሬ ስል ደጁን ጠንቼ።

ሠላሳ መኸር ነው፣ ማሽላዬ መሀል
ያ ሐምራዊ አበባ አምሮበት ይወጣል፤
ነቅዬ ነቅዬ ወገቤ ደቀቀ፣
ማሽላው ግን ዝናብ ውስጥ ቆሞ ደረቀ።

ዙበይዳ መጣች። ሰማይ አላየችም፣
አበባውን እንኳን ዞራ አልነካችም፤
ተንበርክካ ቆፍራ፣ ሥሩን በውሃ አጥባ፣
«እይ አባ፣ እዚህ ነው የሚጠባህ ሌባ፤
አበባው ሲታይህ እራቱን ጨርሷል፣
ዘሩ ሃያ ዓመት አፈር ውስጥ ይተኛል።»
«ታዲያ ምን ይሻላል?»
«ማሾ ዝራበት፤
ተታልሎ ሲነቃ ጡት ይጥፋበት።»

ዘንድሮም አልጠፋም፤ ቢሆንም ቀነሰ።
ትናንት ማታ ይማም ከደጄ ደረሰ፤
በፌስታል ጠቅልሎ አንድ ሥር ይዞ፣
«ልጅህ አለች?» አለኝ፣ ቆሞ ተክዞ።

«ግባ» አልኩት።
አልሳቅኩም። ከሳቅኩም፣ በሆዴ ነው የሳቅኩት።