ሰው የሚጥል ወንበር

ወንበሩን ከሙሂባ ቁርስ ቤት ተዋስኩት፣
ከፒያሳ አዳራሹ ድረስ በአናቴ ተሸከምኩት።
አንድ እግሩ አጭር ነው። «እንዳትሰብሪው» አለች፣
ማን እንደሚቀመጥ ሳትጠይቀኝ ቀረች።

ጉም ከጦሳ ወርዶ በሩ ላይ ቆሟል፣
ትኬት እንዳልቆረጠ ሰው መግባት ከብዶታል።
አርባ ሰው ይሆናል። አሥሩ ዘመድ ነው።
ሌላው፣ ልዋሽ እንዴ፣ ብርዱን ሽሽት ነው።

መብራቱ በራ። እኔና ወንበሩ።
ወንዶቹን ሁሉ እሱ ነው የሚሠራው፣ በየተራ በየሰፈሩ።

መጀመሪያ ኢንጂነሩ መጣ፤ ወንበሩን ወደ ግራ አዞርኩ።
ስሜን ሳይጠይቅ «ወሎዬ መሆንሽ ያስታውቃል» አለኝ፤ አመሰገንኩ።
አመሰገንኩ! ያደነቀው ተራራውን ነው፣ ውሃውን፣ አየሩን፤
ሀገሬን አሞግሶ ሄደ፤ እኔ ከፈልኩ የሻይ ሂሳቡን።

ሁለተኛው የኮምቦልቻው ነው፤ ወንበሩን ገለበጥኩት፤
ሐረጎን በዶልፊን ወርጄ ሁለት ሰዓት የጠበቅኩት።
«መንገድ ላይ ነኝ» አለኝ ሦስቴ፤ ከየት ወደ የት፣ አላለም።
ሰው ሳቀ። ሳቁ ጣመኝ፤ ሐረጎን ደግሜ ወረድኩ፣
ጠመዝማዛውን ሁሉ በእጄ እየሣልኩ፣ አንድም አላስቀረሁም።

ሦስተኛው ጋ ስደርስ ወንበሩን ቀስ ብዬ አቀናሁት።
ይሄኛው ስም አለው፤ ከድርሰቱ ላይ ግን ሰረዝኩት።
ስምንት ወር። በስምንት ወር ውስጥ
«ድምፁ በዛ» ቢለኝ ሳቄን አሳጠርኩለት፣
ቀሚሴን አስረዘምኩ፣ መልሼ አሳጠርኩ፣ እንደ ዕለቱ ስሜት።
ስልኬን ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ፣ ሲነዝር ልነቃ፤
እሱም አልነዘረ፣ እኔም አልተኛሁ፣ ሌሊቱም አልበቃ።
አንድ ቀን ረጅም ጻፍኩለት። እያጠፋሁ፣ እየጻፍኩ።
ሁለቱ ምልክት ሰማያዊ ሆነ። ታየ ማለት ነው።
ታየ መልእክቴ።
ቃሌ ታየ፣ የፊደል ስህተቴ ሳይቀር ታየ፣
እኔ ግን—

እዚህ ላይ ነው የጠፋብኝ።

ሰባት ሳምንት ያጠናሁት ቃል ጥርሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ።
አምፖሉ እዝዝ ይላል። አንድ ሰው አስነጠሰ።
ከዚያ ከኋላ፣ ከጨለማው፣ ጉንፋን ያፈነው የሴት ድምፅ፣
«ከዚያማ ‹ሥራ በዝቶብኝ ነው› አለሽ!»
ሌላዋ ተቀበለች፣ «‹አንቺ ጥሩ ልጅ ነሽ፣ ግን› አለሽ!»
«ግን!» አሉ ከግራ።
«ግን!» አሉ ከመሐል።
ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሻርፕ የተከናነበች፣ ልጅ ያቀፈች፣
«የኔው በድምፅ ነው የላከው፤ ሩብ ደቂቃ» አለች፣
ልጇን ከግራ ወደ ቀኝ እያዛወረች።

ይሄ ድርሰቱ ውስጥ የለም።
«የአንድ ሰው ቲያትር» ይላል በሩ ላይ የተለጠፈው፣
በራሴ እጅ፣ በወፍራም እስክሪብቶ።

«አብሽሪ፣ ቀጥይ» አለችኝ ጉንፋናሟ።
ቀጠልኩ። ምን እንዳልኩ ዛሬም አጥርቼ አላስታውስም።
ብቻ መሐል ላይ ሳቄ አመለጠኝ፣ ያ ረጅሙ፣ የድሮው፣
አዳራሹን ዞሮ መጥቶ ራሴን ያስደነገጠው።

ሲያልቅ እጅ ነሣሁ። አክስቴ ሐዋ አለቀሰች፣
እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ «ቀሚሱ ሳስቷል» አለች።

ዘበኛው ቁልፉን ሲያቅጨለጭል ወንበሬን አንስቼ ወጣሁ።
ጉሙ እዚያው ነው፣ አልገባም፣ አልሄደም።
ሙሂባ በሯን ልትዘጋ ስትል ደረስኩባት።
አገላብጣ አየችው፤ እግሮቹን አንድ በአንድ ነቀነቀች።

«ማን ተቀመጠበት?»
«ማንም።»
«እንኳን» አለች፣ ወደ ጓዳ እየገፋችው፣
«እኔም ለደንበኛ አልሰጠውም። ሰው ይጥላል።»