ከነጥቡ በኋላ

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ከሚያልቅበት፣
የሲኖትራክ አቧራ መስኮት ከሚያለብስበት፣
ምድር ቤት ነው ቢሮዬ።
ከጣሪያዬ በላይ ጽኑ ሕሙማን ይተነፍሳሉ፤
ከሥራቸው እኔ፣ የተዘጋ ካርድ፣ አንድ ኮምፒውተር፣
ፊደልና ቁጥር።

ሥራዬ ሐኪም የጻፈውን ወደ ኮድ መመለስ ነው፤
ያልጻፈውን አይደለም።
«ገምቶ መሙላት ክልክል ነው» ይላል
ግድግዳው ላይ የለጠፍነው፣ ጠርዙ የተላጠ ወረቀት።

ዛሬ የደረሰኝ ኢረና ጉደታ፣ ሠላሳ አራት ዓመት፣
ኮዬ ፈጬ፣ ብሎኬት አምራች።
የዛገ ምስማር ረገጠ፤ ቁስሉን በቤንዚን አጠበ፤
በስምንተኛው ቀን መንጋጋው ተቆለፈ።
ለዚህስ ኮድ አለኝ፣ ዐይኔን ጨፍኜ እጽፈዋለሁ።

ከዚያ ቱቦው። ከዚያ ማሽኑ፣
አሥራ ዘጠኝ ቀን ደረቱን ከፍ ዝቅ ያደረገለት።
አንድ ሌሊት መብራት ሄዶ፣ ጀነሬተሩ እንቢ ብሎ፣
ሲስተር ፈትለወርቅ ናት በእጇ እየጨመቀች የተነፈሰችለት፤
«አርባ ደቂቃ» ይላል ማስታወሻዋ።
ለአርባ ደቂቃ እጅ ኮድ የለም፤ ፈልጌ አጣሁለት።

በስድስተኛው ቀን ትኩሳት።
በሰባተኛው አክታው መልኩን ለወጠ።
«የሳንባ ምች» ብሎ ጻፈ ዶክተሩ።
ከምን? አላለም።

እዚህ ላይ ጣቴ ቆመ።
ከቤቱ ይዞት የመጣ ከሆነ አንድ ቁጥር፤
ቱቦው ያመጣበት ከሆነ ጄ ዘጠና አምስት፣ ነጥብ፣ ሌላ ቁጥር፤
ከነጥቡ በኋላ ያለው ነው የሚመሰክር።
ምቹን ቁጥር ሳይሆን የምቹን ቁጥር ፍለጋ
ደረጃውን ወጣሁ።

«ዶክተር፣ ከማሽኑ ነው?»
ሁለት ሌሊት ያልተኛ ዐይኑን አሸት አድርጎ
«ያለ ማሽኑ እኮ የዚያኑ ሌሊት ነበር የሚሞተው።»
«እሱን አልጠየቅኩም።»
«ገብቶኛል።»
ኪሱን ዳበሰ። እስክሪብቶዬን ሰጠሁት።
«ከመተንፈሻ ማሽን ጋር የተያያዘ» ብሎ ጨመረ፣
ፈረመ፤ እስክሪብቶዬን ይዞ ሄደ።

እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሣ ሲባል ነው ያደግሁት፤
በአንድ ቱቦ ሲሰጥ፣ በዚያው ቱቦ ሲነሣ
በስንት ቁጥር ጻፍኩት!

ወደ ማምሻው ሚስቱ ዲንቂቱ መጣች፣
በመስኮቷ ቀዳዳ እጇን አሾለከች፤
ካሳ ካለ ብላ ለአሠሪው ልታሳይ።
«ምን ይላል?» ወረቀቱን ገለባብጣ።
ምስማሩ ልላት፣ ምቹ ልላት፣ ማሽኑ ልላት፣
ሁሉም እውነት፣ ሁሉም ተራውን የያዘ።
«መነሻው ምስማሩ ነው፤ እሱ ነው ፊት የተጻፈው» አልኳት።
አጠፈችው፤ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

«ይተነፍሳል ብለውኝ ነበር እኮ፣ እስከ መጨረሻው።»
«ይተነፍስ ነበር» አልኩ።
ማን? አላለችም።
እኔም ያልተጠየቅኩትን አልሞላሁም።