ከወለሉ በታች

እኛ የደሴት ሰዎች ሰፈር ስንቀይር
ቤት ትተን አንሄድም ለንፋስ፣ ለምስጥ፣ ለሳር፤
ከሥሩ ግንድ ሰደን፣ በሬ እንጠምድና
ከነመጋረጃው እንጎትተዋለን በጭቃው ጎዳና።

በቺሎዌ ዳርቻ ባሕሩ በየዓመቱ አንድ ክንድ ይበላል።
የኤደልሚራን አጥር በልቶ፣ የዶሮ ቤቷን በልቶ፣
አሁን ደረጃዋን መላስ ጀምሯል።
ልጇ ሮሳሜልም ለዘመድ ሁሉ ላከ፦
«ቅዳሜ ደቦ ነው፤ ጉልበት ያለው ይምጣ፣
ጉልበት የሌለውም አፉን ይዞ ይውጣ።»

እኔ ምኔን ልዘዝ? ጉልበቴ ከከዳኝ ሰባት ክረምት አልፎ፣
ደግሞም ሦስት የልጅ ልጅ በቀሚሴ ተንጠልጥሎ፤
እናታቸው ሳልሞን ፋብሪካ ተረኛ፣
አባታቸው ጀልባ ላይ፣ ሲመሽ ነው የሚመጣ ወደኛ።

ትናንት የባሌን እህት ሳህኖች በጋዜጣ ጠቀለልኩ፤
ሚያራይ ስትቆጥር፣ ናዌል ሲሰብር ዋልኩ።
ዛሬ ደግሞ ሮሳሜል ገና ሲያየን ከሩቅ
«አክስቴ፣ አደራ፣ ልጅ ከገመድ ይራቅ!»
ለካ የኔ ሥራ ይኸው ነው፣ መከልከል፤
አንዱን በእጅ፣ አንዷን በዓይን፣ ትንሹን በጀርባ ማንጠልጠል።

ከዚያማ ምን ላውራ? ቤቱ ሲሄድ አላየሁ።
ስድስት ጥማድ በሬ ሲያጓራ ሰማሁ፣
ገመዱ ሲንቋቋ፣ ግንዱ ሲያቃስት፣ ሰዉ «ኧረ ሳብ!» ሲል ሰማሁ፤
ዞር ልበል ስል ግን ቲቶ ቁምጣውን አርጥቧል፣
ናዌል በሕይወት ያለ ሸርጣን ኪሱ ከቷል።
አጥቤ፣ ቀይሬ፣ ሸርጣኑን አስጥዬ ቀና ስል፣
የጭስ ማውጫው ጫፍ ብቻ ከኮረብታው ጀርባ
እንደ ሰከረ ሰው እየተወዛወዘ ሲገባ።

ከፊታችን የቀረው አራት ማዕዘን አፈር፣
አርባ ዓመት ፀሐይ ያልነካው፣ የገረጣ ምድር።
ልጆቹ ዘለው ገቡበት። ልከለክል አሰብኩ፤
ገመድ የለ፣ በሬ የለ፣ ምን ብዬ? ተውኳቸው፣ ተቀመጥኩ።

«ይሄ ጓዳው ነበር፣ ይሄ መኝታ ቤት፣»
ትላለች ሚያራይ፣ ግድግዳ በሌለበት፤
ወንድሟን «በበሩ ግባ!» ትለዋለች ተቆጥታ፣
አየሩን ከፍታ፣ ዘግታ።

ወለሉ በስንጥቁ ስንቱን ውጦ ኖሯል!
ሦስት አዝራር፣ የወተት ጥርስ፣ አንዲት የካርታ ንግሥት፤
ቲቶም በጉልበቱ ተንበርክኮ ይቆፍራል
በማንኪያ።

በማንኪያዬ!
እጀታዋ ጫፍ ላይ የወይን ዘለላ ያላት፣
የናቴ የብር ማንኪያ፣ ከስድስቱ አንዷ ናት።
ለሮሳሜል ክርስትና ስድስት ተውሳ፣ አምስት የመለሰች ዕለት
«እጅሽ አያርፍም» ያልኳት፣ ያውም ቄሱ ባሉበት፤
ሁለት ፋሲካ ሙሉ ሳንተያይ ያለፍንባት፣
ኋላ ባሏ ሲሞት፣ ለቅሶው ላይ ተቃቅፈን፣
ይቅርታ ሳንጠያየቅ የዘጋናት።

ስንቴ ከላይዋ ቆመን ተሳስመናል፣ ጉንጭ ለጉንጭ፣ ብርድ ለብርድ!
እሷ ክንድ ሙሉ እታች ሆና ስትሰማ የኔን ጉድ።

«ቲቶ፣ ለአያት ስጣት።» «እምቢ! የኔ ናት!»
በብስኩት ገዛኋት።
ምራቅና ጭቃዋን በቀሚሴ ጠረግኳት።

ማታ፣ ኮረብታው ላይ፣ ቤቱ በአዲሱ መሬት ትንሽ አዝምሞ፣
በሬው ሁሉ ደክሞ፣
በጋለ ድንጋይ የበሰለ ዛጎል፣ ድንችና ሥጋ
ሲታደል፣ ሦስቱን አጋደምኩ በኤደልሚራ አልጋ።
አልጋው ጠዋት ከነበረበት ጥግ ዝንፍ አላለም፤
ጥጉ ነው የሄደው ወደ ሌላ ዓለም።

ሻይ ቀዳሁ። በማንኪያዋ አማስዬ አስቀመጥኩት ፊቷ።
አየች። ዘለላውን ዳሰሰች፣ ቀስ ብላ፣ በአውራ ጣቷ።
ቀኑን ሙሉ ያበጀሁትን ቃል ልል አፌን ስከፍት፣
ቀመስ አደረገችና
«ስኳር አነሰው» አለች፤ «መቼም እጅሽ ቆጣቢ ነው፣ ጨምሪበት።»

ሦስት ማንኪያ ጨመርኩ።